አርባ አንደኛው ወንበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል። ከዚያ በፊት 31 ዓመት የሠራሁት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። የሥራ ማስታወቂያ አርቅቄ የምለጥፈው፣ ማመልከቻ የምቀበለው፣ የተቀጠረውን ሰው ማኅደር የምከፍተው፣ የለቀቀውን የምዘጋው እኔ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከምጽፈው ውስጥ የሚያስወቅስ ነገር ካለ የእኔም እጅ አለበትና በሌላ ሰው ላይ መለጠፍ አልፈልግም።

ብዕር ያስነሣኝ የጎረቤቴ ድግስ ነው። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ልጇ ተመርቃላት ደገሰች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛም ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ የልጅቷ አጎት ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ። ሰውየው የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ሚስማር ይሸጣሉ። ለድግሱ የታረደውን የመንዝ ሙክት ያመጡትም እርሳቸው ናቸው። ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ዛሬ ስድስት ባለ ዲግሪዎች በእኔ ሥር ይሠራሉ። ልጆቼ፣ ውጤት ወረቀት ነው። ሕይወት ስንት ነጥብ አመጣህ ብላ አትጠይቅም።»

ተጨበጨበ። ወጣቶቹ ደግሞ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ የሰው ሙክት እየበሉ ከባለ ሙክቱ ጋር መከራከር አይሆንልኝም። ዓይኔ ግን ልጅቷ ላይ ነበር። የምርቃት ጋዋኗን እንደለበሰች ትሪ ይዛ ቆማለች። በዕፅዋት ሳይንስ 3.61 አምጥታ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እናቷ ለሆቴሎች እንጀራ እየጋገረች ነው እዚህ ያደረሰቻት። አጎቷ ሲናገሩ አንገቷን ደፍታ ትሪው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች የምትቆጥር ትመስል ነበር። አጠገቧ የቆመው የአጎቷ ልጅም ተመራቂ ነው፤ ማኔጅመንት፣ 2.14። እርሱ ፈገግ ብሏል። ሰኞ በአባቱ መደብር ሥራ ይጀምራል።

እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር።

አጎትየው አልዋሹም። ለልጃቸው ውጤት በእርግጥም ወረቀት ነው፤ የእርሱ ሥራ ከመወለዱ በፊት ተገኝቷል። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከነበሩት ወጣቶች መካከል መደብር ያለው አባት ያላቸው ስንት ናቸው? ለቀሩት ያ ወረቀት ማንም በማያውቃቸው ቢሮ ቀድሟቸው ገብቶ ስማቸውን የሚጠራላቸው ዘመድ ነው። ዘመድ የሌለው ልጅ ሌላ ምን ይልካል? ደግሞስ ወረቀት ነው ተብሎ ከተናቀ ብርም ወረቀት ነው፤ እርሳቸው ግን ሚስማር በነጻ ሲሰጡ አላየሁም።

ይህን ስል ውጤት ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። ውጤት በቅጥር ላይ እንዴት እንደሚሠራ ከውስጥ ያየ ሰው እንዲያ ሊል አይችልም። እስቲ አንድ ቅጥር ላሳያችሁ።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣን። «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ነበር። ይህቺ ዜሮ ምን ያህል ሰው እንደምትጠራ በማመልከቻ መቀበያ መስኮት ያልተቀመጠ ሰው አያውቅም። በአምስት የሥራ ቀን 312 ማመልከቻ ተቀበልኩ። ቦታው አንድ ነው። የመጨረሻው ቀን ላይ ሰልፉ ከግቢው በር አልፎ አስፋልቱ ዳር ደርሶ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ። የጽሑፍ ፈተና መስጠት አለብን። የመሰብሰቢያ አዳራሻችን ያለው ወንበር 40 ነው። ማመልከቻዎቹን በውጤት ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደርንና ከላይ ጀምረን እየቆጠርን ወረድን። 3.02 ላይ ስንደርስ 41 ሰው ሞላ። ሰብሳቢያችን «በቃ፣ መስመሩ 3.00 ይሁን፤ ለዓይንም ደስ ይላል» አሉ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሥራ መደቡ ከሚጠይቀው ችሎታ አንጻር ዝቅተኛው ውጤት 3.00 እንዲሆን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

የሥራ መደቡ ምንም አልጠየቀም። የጠየቀው አዳራሹ ነው። ለአርባ አንደኛው ሰው የሚሆን ወንበር ከጥበቃ ቤት አስመጣን፤ አንድ እግሩ የሚወላገድ የእንጨት ወንበር ነበር፤ ሥሩ ካርቶን አጥፈን አደረግንበት። ወጣቶች በሥራ ማስታወቂያ ላይ «ከ3.00 በላይ» የሚል ሲያነቡ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ አጥንተው፣ ከዚህ በታች ያለ ሰው ይህን ሥራ አይችልም ብለው የወሰኑ ይመስላቸዋል። እንዲያ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ይኖር ይሆናል። እኔ በነበርኩበት ግን ብዙ ጊዜ መስመሩን ያሰመረው የወንበር ቁጥር ነው።

ዝርዝሩ በተለጠፈ ማግስት ጠዋት፣ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ አንድ ልጅ ቢሮዬ ገባ። በስስ ሸሚዝ ነው የመጣው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ሰው በስስ ሸሚዝ አይወጣም፤ ቆለኛ መሆኑን ሳይነግረኝ አወቅኩ። ከሸዋ ሮቢት ነበር። ሌሊት ተነሥቶ በደብረ ሲና አድርጎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ነው የደረሰው። ከደብረ ሲና የገዛውን ቆሎ በወረቀት እንደተጠቀለለ ጨብጦታል፤ መብላቱን ረስቶታል።

«እትዬ፣ ስሜ የለም» አለኝ።

መዝገቡን ገልጬ አየሁ። 2.98። አርባ ሁለተኛው ነው።

«ልጄ፣ መስመሩ 3.00 ሆነ እኮ።»

«2.98 ከ3.00 በምን ይለያል?»

ተቆጥቶ አይደለም የጠየቀኝ፤ ያልገባውን ነገር መምህሩን እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው። መልስ ስላልነበረኝ የውጤት ማስረጃውን ተቀበልኩትና አብረን አየነው። የሦስት ዓመቱ ትምህርት በድምሩ 105 ክሬዲት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያ ሰሚስተር ላይ እንግሊዝኛ፣ ሦስት ክሬዲት፣ «ሲ» ይላል። ከዚያ ወዲህ በሒሳብ ነክ ትምህርቶቹ ላይ «ሲ» የለበትም። እስክሪብቶ አነሣሁና አሰላሁ። ያቺ አንዲት «ሲ» «ቢ» ብትሆን ኖሮ ውጤቱ 3.01 ይሆን ነበር። ነገርኩት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

«መምህሩ አማርኛ ሳያስገባ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲያስተምር የሰማሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ።

ስለ ወንበሩ አልነገርኩትም። «የኮሚቴ ውሳኔ ነው» አልኩት። በዚህች ሐረግ ስንት ሰው እንደሸኘሁ እግዚአብሔር ይቁጠረው። ልጁ አመስግኖኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም። ጥበቃ ቤት ሁለተኛ ወንበር እንደነበረ ግን አስታውሳለሁ።

የፈተናውንም ነገር ልጨርስ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ጠንካራ ሰው ነበሩ፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ጥያቄ አይወዱም። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ ፖስታ ሰጡ። በውስጡ የተደባለቁ 60 የደረሰኝ ቅጂዎችና አንድ መግለጫ አለ፤ የጥቃቅን ወጪ ገንዘቡ 5,000 ብር እንደሆነና በካዝና ውስጥ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይገልጻል። ደረሰኞቹና ጥሬ ገንዘቡ ሲደመሩ 5,037 ብር ይመጣል። «37 ብር ከየት መጣ?» ጥያቄው ይኸው ነው። የተሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል።

አብዛኞቹ ደረሰኞቹን በቀን ደረደሩ፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚያስተምረው። ደምረው፣ ደግመው ደምረው፣ የደመሩት ልክ መሆኑን አረጋግጠው ተቀመጡ። አርባ አንደኛዋ፣ የሚወላገደው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ባለ 3.02፣ በደረሰኝ ቁጥር ደረደረች። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አገኘች፤ ዋናውም በካርቦን የተገለበጠውም በአንድነት ተቆጥረዋል። የ37 ብር የሳሙና ግዢ ነበር። በኋላ ስጠይቃት እናቷ ደነባ ላይ ወፍጮ ቤት እንዳላትና ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የወፍጮውን ደብተር የምትይዘው እርሷ እንደነበረች ነገረችኝ። «ሰው ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ብሎ ሲመጣ ቀኑን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የምናየው» አለች። እርሷን ቀጠርን። እኔ ስወጣ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድገት አግኝታ ነበር።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁሉም ወዲያው «አየሽ፣ ውጤት ዋጋ የለውም ማለት ነው» ይለኛል። አይደለም። በዚያ ፈተና ከአንድ እስከ አምስት ከወጡት ውስጥ ሦስቱ በውጤትም ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የነበሩ ናቸው። ባለ 3.87ቷ ልጅ ሁለተኛ ወጥታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ የተሰጠውን ሥራ በጊዜው ያስረከበ፣ ቢርበውም ቢያመውም ፈተና ላይ የተገኘ ልጅ ሥራ ላይም እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ብዙ ነው። 3.60 እና 2.10 አንድ ናቸው ለሚለኝ ሰው ሁለቱንም ቀጥሬ አይቻቸዋለሁ እለዋለሁ። የ3.02 እና የ2.98 ልዩነት ግን የችሎታ ልዩነት አይደለም። ውጤትን በኩንታል ሚዛን እንደሚመዘን እህል ማየት ሲገባን በወርቅ ሚዛን እንደተመዘነ አድርገን መጠቀማችን ነው ጥፋቱ።

ከተቀጠሩ በኋላስ? እዚህ ላይ ወጣቶቹ የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገራቸው። የሠራተኛ ማኅደር ሲደራጅ አዲሱ ወረቀት ከላይ ይገባል። መጀመሪያ የሚገባው የትምህርት ማስረጃው ነው፤ ስለዚህ ለዘላለም ከታች ይተኛል። በላዩ ላይ የቅጥር ደብዳቤው፣ የሙከራ ጊዜው ምዘና፣ የዓመት ፈቃድ ቅጹ፣ የደመወዝ ጭማሪው፣ ማስጠንቀቂያው፣ ምስጋናው ይከመራል። በዚያ ጊዜ በነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው 1156 ቁጥር አዋጅ 60 የሥራ ቀን ሆኗል። እነዚያ ቀናት ካለፉ በኋላ የአንድን ሠራተኛ ነጥብ ለዕድገት ብሎ የጠየቀኝ አለቃ በ31 ዓመት ውስጥ አንድም አላስታውስም። የሚጠይቁት «ይህ ሰው ሰኞ ይመጣል ወይ?» ነው። ዕድገት ሲመጣ የሚቆጠረው የሥራ ልምድና የአፈጻጸም ምዘና ነው።

ወደ ማኅደሩ ታች የምንወርደው በሁለት ምክንያት ነበር። አንዱ የተጭበረበረ ማስረጃ ይጣራ ሲባል ነው፤ እርሱን ማውራት አልወድም፤ አብረውኝ ቡና የጠጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ራሱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት ነው። ያኔ ያቺ የተኛች ነጥብ ትነሣለች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ለመቅረት፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ለማግኘት፣ ነጥብ ወሳኝ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚህች ከተማ ይህንን በዓይናችን አይተናል። ብዙ ባንኮችም አዲስ ምሩቃን ሲፈልጉ ዝቅተኛ ነጥብ በማስታወቂያቸው ላይ ይጽፋሉ። አሥረኛ ዓመቱ ላይ ያለ ጥሩ ሠራተኛ ለማስተርስ ሲያመለክት «በ19 ዓመቴ የሠራሁት ስንፍና ዛሬ ያዘኝ» ብሎ ያለቀሰብኝ አለ። ስለዚህ ማንም «አንዴ ሥራ ከገባህ አበቃ» ብሎ አያታልላችሁ።

ነጥብ ከየት እንደመጣም ይለያያል። የአንዱ ኮሌጅ 3.40 እና የሌላው 3.40 እኩል እንዳልሆኑ ቀጣሪ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የሚናገረው ግን ቡና ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመርና ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን ነገሩ ወደ አደባባይ ወጣ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከመቶ 41 ገደማ ብቻ ናቸው። እነዚያ ሁሉ ለመመረቅ የሚያበቃ ነጥብ ይዘው ነው ፈተናው ላይ የተቀመጡት። የአንዳንዶቹን ወላጆች አውቃለሁ፤ በግ ሸጠው፣ ገብስ ሸጠው የከፈሉ ናቸው። ልጆቹን ብቻ መውቀስ አይቻለኝም፤ «ኤ» እንደ ጸበል የረጨው መምህር በዚያ ፈተና ላይ አልተቀመጠም።

እንግዲህ ውጤቱ ይቅር፣ ቀጣሪ በራሱ መንገድ ይምረጥ የሚሉ አሉ። መንገዱ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ቃለ መጠይቅ» ይሉኛል። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ከሁሉ የምፈራው እርሱን ነውና። ዘመድ የሚገባው በቃለ መጠይቅ በር ነው። በጽሑፍ ፈተና ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ማድረግ ይቻላል፤ ፊት ላይ ቁጥር መለጠፍ ግን አይቻልም። ከ50 44 ያመጣ ልጅ በቃለ መጠይቅ ወደ አራተኛ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከማን ጋር እንደሚዛመድ የማውቀው ሌላ ልጅ ደግሞ ሲወጣ።

ሁሉም ክፋት ነው ማለትም አይደለም። የእኛ ቅጽ «በራስ መተማመን» የሚል አምስት ነጥብ ያለው ሳጥን ነበረው። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር የመጣ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገ ነው። ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ጨዋነቱን ሲያሳይ «በራስ መተማመን፦ 2» ይጻፍበታል። የከተማው ልጅ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ 5 ያገኛል። ቤቱ እናቱ ፊት እንዲያ ቢቀመጥ ምን እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን። የትምህርት ውጤት ቢያንስ የቀጣሪውን ፊት ሳያይ የተሰጠ ነው። ለዚህ ነው የምከራከርለት።

እኔ ራሴ እንዴት እንደተቀጠርኩ ልንገራችሁ። ማትሪክ የወሰድኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሲመረቅ ሥራ ፍለጋ አይዞርም፤ መንግሥት ይመድበዋል፤ ያልገባ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። የአማርኛ መኪና ጽሕፈት ተማርኩና በ1978 ዓ.ም. ለታይፒስትነት አመለከትኩ። ፈታኙ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከፊቴ አስቀመጡ፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ «ጀምሪ» አሉ። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ወረቀቱን ስበው ስሕተቱን በቀይ ቆጠሩ። ማትሪክ ስንት እንዳመጣሁ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጣቴ መለሰልኝ። ሰባት ዓመት ታይፕ ከመታሁ በኋላ በማታ ትምህርት ዲፕሎማ ይዤ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ተዛወርኩ።

ይህ ትዝ እያለኝ ነው በ2011 ዓ.ም. ለንብረት ክፍል አራት ሰው ስንቀጥር አለቃዬን የለመንኩት። መስመሩን ወደ 2.50 አወረድነው። 178 ሰው መጣ። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽና ክፍሎች ለቅዳሜ ጠዋት በደብዳቤ ተዋስን። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ፈተናው የዕቃ መቀበያ ሰነድና የዕቃ ማውጫ ሰነድ አመሳክሮ የጎደለውን ማግኘት ነበር። ወጪው የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ የፈታኞች አበልና ሻይ ሆኖ 3,800 ብር መጣ። አለቃዬ «ለወረቀት ይህን ያህል?» ብለው ፈረሙ። ከተቀጠሩት አራቱ ውስጥ ውጤታቸው 3.44፣ 3.10፣ 2.87 እና 2.61 ነበር። ባለ 2.61ዱን የመጋዘን ኃላፊ ሆኖ ነው ትቼው የወጣሁት። በዓመቱ አለቃዬ ተቀየሩ፤ አዲሱ አለቃ አዳራሻችን ይበቃል አሉና ወደ 40ው ወንበር ተመለስን።

በከተማችን ዛሬ ፋብሪካው በዝቷል፤ ከድሮው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሌላ የማናውቅ የነበርን ሰዎች ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለን። ቀጣሪዎቹ ይህን ጋዜጣ ያነባሉ ብዬ አንድ ነገር ልለምናቸው። ውጤት ስንት ከመቶ፣ ፈተና ስንት፣ ቃለ መጠይቅ ስንት እንደሚይዝ ማስታወቂያው ላይ ይጻፉ። ቃለ መጠይቁን ያሳንሱት። ወንበር ካነሳቸው ቅዳሜ ትምህርት ቤት ይዋሱ። ሌላው ደግሞ ምዝገባ «በአካል ቀርባችሁ» የሚሉት ነገር ነው። አዲስ አበባ ላለ ዋና መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ለማስገባት ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ አድሮ፣ መመለስ ያለበት ልጅ ገና ሥራ ሳያገኝ ስንት እንደሚያወጣ አስሉት። ከመሐል ሜዳ ወይም ከሞላሌ የሚነሣው ደግሞ የሚደርሰው መንገዱ ሰላም ከዋለ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ በድግሱ ማግስት የተረፈ ዳቦ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ አጎቴ ያሉት እውነት ነው?» አለችኝ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ አልነገርኳትም፤ የታጠፈውን ጋዜጣ ነው የሰጠኋት። አንድ የእርሻ ግብዓት ድርጅት ዕፅዋት ሳይንስ ያጠና ይፈልጋል፤ ዜሮ ዓመት፣ 3.00 እና ከዚያ በላይ፣ በአካል ቀርቦ መመዝገብ፣ አርብ ይዘጋል። ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን። ሦስት ጊዜ አሰረዝኳት፤ «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን አንዱን አስቀረሁ፣ ሁለት ቦታ ጽፋው ነበር። እናቷ የመሳፈሪያውን ብር ከሆቴሉ ሒሳብ ላይ አስቀድማ ተቀብላለች። ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ እንገናኛለን፤ እኔም ለዓይኔ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ስላለኝ አብሬያት እወርዳለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ያመጣችውን ፎቶ ኮፒ አየሁት። 3.61 የምትለዋ ቁጥር ደብዝዛ 3.01 ትመስላለች። እንደገና እንድታስነሣው ልኬያታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ጡረተኛ የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)